የባሕር ዛፍን ዘይት በእንፋሎት ስለ ማውጣት

በምዕራብ ጎጃም ባሕር ዛፍ በተቆረጠ ጊዜ አጣናው ለነጋዴ ይሸጣል፤ ወፍራሙ ለምሰሶ ይለያል፤ ቅርንጫፉ ለማገዶ ይታሰራል። ቅጠሉ ግን ወይ እዚያው ወድቆ ይደርቃል፤ ወይ ተጠርጎ ለምጣድ ማቃጠያ ይሆናል። ቅጠሉ ምጣድ ሥር ሲገባ እየተንጣጣ ቦግ እንደሚል እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁሉ ታውቃለች። ያ ቦግ የሚያደርገው ነገር በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ይህ ዘይት ሳይቃጠል ከቅጠሉ ወጥቶ በጠርሙስ ሊጠራቀም ይችላል። የዛሬው ትምህርት ስለ አወጣጡ ነው፤ ነገር ግን በአወጣጡ ብቻ አናቆምም። ሥራው ስንት እንጨትና ስንት ውኃ እንደሚበላ፣ በመጨረሻም ስንት ዘይት እንደሚሰጥ በሒሳብ እናሳያችኋለን። መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ማየት ይገባችኋል።

አረቄ አውጪዋ የምታውቀው

ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ጥበብ ይመስላል እንጂ ግማሹን የጎጃም ሴቶች ከቆየ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ፣ ከብቅልና ከጌሾ የተዘጋጀው ድፍድፍ በትልቅ ማሰሮ ተደርጎ በጉልቻ ላይ ይጣዳል። አፉ ይከደናል፤ በክዳኑም ቀዳዳ መቃ ይሰካል። የመቃው ጫፍ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል፤ መጋጠሚያውም ሁሉ ተን እንዳያመልጥ ይመረጋል። ከሥር እሳት ሲነድ ተኑ በመቃው አልፎ፣ ብርድ ሲያገኘው ወደ ጠብታ ተመልሶ፣ በዕቃው ውስጥ ይጠራቀማል። አረቄ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ላብ ማለት ነው። ከመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ያየ ሰው ስሙ በትክክል እንደ ተሰጠ ይመሰክራል።

ሴቲቱ በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ነገር ታውቃለች። አንደኛው፣ ፊት የሚወርደው ብርቱ፣ ኋላ የሚወርደው ደካማ መሆኑን ነው። ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠረፍ አገር በ78 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ ውኃ ግን እስከ 100 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚነሣው ተን አልኮል የበዛበት ነው፤ ድፍድፉ አልኮሉን እየጨረሰ ሲሄድ ተኑ ወደ ውኃነት ያደላል። ዳግም የሚባለው አረቄ አንድ ጊዜ የወጣው ተመልሶ ሲወጣ የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ዕውቀቷ ማቀዝቀዣው ውኃ እየሞቀ ሲሄድ መለወጥ እንዳለበት ነው፤ አለዚያ ተኑ ጠብታ ሳይሆን በአየር ይበናል።

የባሕር ዛፍ ዘይት አወጣጥ በእነዚሁ ሁለት ዕውቀቶች ላይ የቆመ ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቀጥሎ የተጻፈው ነው።

ዘይቱ ከውኃው ጋር እንዴት ይወጣል?

በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሲኒዮል የተባለው ነገር ነው። ይህ ለብቻው ቢጣድ የሚፈላው በ176 ዲግሪ ነው። ቅጠሉን ያለ ውኃ ጥዳችሁ እዚያ ሙቀት ላይ ብታደርሱት ግን ዘይት ሳይሆን የአረረ ቅጠል ጭስ ታገኛላችሁ። ታዲያ ውኃ በሚፈላበት አነስተኛ ሙቀት ዘይቱ እንዴት ሊነሣ ይችላል?

ውኃ ሲሞቅ ተኑ ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል፤ በላዩ ደግሞ የአየር ክብደት ተጭኖታል። የተኑ ግፊት የአየሩን ጭነት በተስተካከለ ጊዜ ውኃው ፈላ እንላለን። ውኃና ዘይት የማይደባለቁ ስለሆኑ አብረው ሲሞቁ እያንዳንዱ በራሱ ይገፋል፤ ግፊታቸው ግን ይደመራል። አንድ ጎልማሳና አንድ ልጅ ምሰሶ ሲያነሡ አስቡ። ልጁ ብቻውን ምሰሶውን ከመሬት አያላቅቀውም፤ ሆኖም ጫፉን ይዞ በረዳው መጠን ጎልማሳው የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ይቀንስለታል። ውኃው እንደ ጎልማሳው፣ ዘይቱ እንደ ልጁ ነው። ሁለቱ ሲተባበሩ የአየሩን ጭነት የሚያነሡት ውኃው ብቻውን ከሚፈላበት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ጭነቱም ሲነሣ ዘይቱ እንደየድርሻው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ 176 ዲግሪ የሚፈልገው ዘይት 100 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ከቅጠሉ ይለቃል፤ ሽታውም አይበላሽም።

እኛ ደግሞ በከፍታ አገር ስለምንኖር የአየሩ ጭነት ከባሕር ጠረፍ አገር ያነሰ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬም 2100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት ውኃ በፍኖተ ሰላም በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ በቡሬ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ወደ ደጋ በወጣችሁ ቁጥር ቶሎ አልበስል የሚላችሁ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ውኃው እየፈላ ሙቀቱ ግን አነስተኛ ነውና። ለባቄላ የሚያስቸግረው ይህ ነገር ለዘይት ሥራ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሽታው ለስላሳ ሆኖ እንዲወጣ ይረዳል።

በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ኬሚስቶች ከፍታ የሚሰጠንን ይህን ነገር በመሣሪያ ያበዙታል። አየሩን ከዕቃው ውስጥ በፓምፕ መጥጠው ስለሚያወጡት ሙቀት የሚያበላሸውን ነገር በአነስተኛ ሙቀት ያተኑታል። ጠጣር ነገርም ቢሆን በዚህ መንገድ ይነጻል። ከልብስ መካከል የሚደረገውን ናፍታሊን አስተውላችሁ ከሆነ፣ እየቆየ ያንሳል እንጂ ቀልጦ ልብሱን አያረጥበውም። ከጠጣርነት በቀጥታ ተን ስለሚሆን ነው። ካምፎርም እንዲሁ ነው። ኬሚስቱ ቆሻሻ ያለበትን ካምፎር አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በዝግታ ያሞቀዋል፤ ተኑ በላይ በኩል ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲያገኝ እንደ ውርጭ ይጋገርበታል፤ ቆሻሻው ከታች ይቀራል። ነገሩ ከአረቄውና ከቅጠሉ ሥራ ጋር አንድ ዘር ነው፤ በሙቀት ማንሣት፣ በብርድ መሰብሰብ። ነገር ግን አየሩ የተመጠጠበት ዕቃ የውጭው አየር ከየአቅጣጫው ስለሚጫነው፣ ለዚሁ ተብሎ ያልተሠራ ጠርሙስ ወይም በርሜል ይጨፈለቃል፤ ብርጭቆውም ይፈናጠራል። ስለዚህ ይህን ለቤተ ሙከራ ትተን በእንፋሎቱ እንቀጥል።

ስለ ቅጠሉ

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እዚያም ጆሴፍ ቦሲስቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850ዎቹ ዓመታት ዘይቱን ለገበያ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ዛፉ ከመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን እኛ ግን አጣናውን እንጂ ዘይቱን ብዙ አላሰብንበትም።

በአካባቢያችን ሁለት ዐይነት ይበዛል። ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ከቡሬ ከፍ ወዳለው ደጋ ይስማማዋል። ለጋ ቅጠሉ ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና አገዳውን አቅፎ የተቀመጠ ሲሆን፣ የጎለመሰው ቅጠል ግን እንደ ማጭድ ረዝሞ ይቆለመማል። ቀይ ባሕር ዛፍ የሚባለው ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ብር ሸለቆ ሙቀት ወዳለው አገር ይበረታል። ለዘይት የሚሻለው ነጩ ነው። ከቀዩም ዘይት ይወጣል፤ ነገር ግን መጠኑም ሲኒዮሉም ከዛፍ ዛፍ በጣም ይለያያል። የመድኃኒት ቀማሚዎች ደረጃ በዘይቱ ውስጥ ቢያንስ ከመቶ 70 ሲኒዮል እንዲኖር ይጠይቃልና ይህን ማወቅ አይከፋም።

አንድ ቅጠል አንሥታችሁ በፀሐይ ትይዩ ብትመለከቱት ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያላችሁ። የዘይቱ ከረጢቶች እነዚያ ናቸው። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት የሚሸተው እነርሱ ስለሚፈነዱ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ለሥራው ደኅና መሆኑን በዐይንም በአፍንጫም መመርመር ይቻላል።

ቅጠል በዝናብ ወይም በጤዛ እንደ ረጠበ አትሰብስቡ፤ የእሳታችሁን ሙቀት የላዩ ውኃ ይበላዋልና። ጤዛው ከረገፈ በኋላ የተሰበሰበውን ቅጠል በጥላ ሥር ሳስታችሁ በትናችሁ አንድ ቀን እንዲጠወልግ ማድረግ ይጠቅማል። በፀሐይ ግን አታስጡት፤ የምትፈልጉትን ዘይት ፀሐይ ትወስደዋለች። ከምራችሁም አታሳድሩት፤ ይግላል፤ ይሻግታል። ወፍራም ቅርንጫፍ ዘይት ሳይኖረው ቦታ ስለሚይዝ ለይታችሁ አስወግዱ።

ስለ ዕቃው

ለሙከራ 10 ኪሎ ቅጠል ይበቃል። ለዚህም 80 ሊትር ገደማ የሚይዝ የብረት በርሜል ወይም ትልቅ ድስት ያስፈልጋል። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የሞተር ዘይት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ነገር የነበረበት በርሜል ምንም ቢታጠብ አይሆንም።

ከበርሜሉ ሥር 15 ሊትር ውኃ ይገባል። ከውኃው ከፍ ብሎ ቀዳዳ የበዛበት ቆርቆሮ ወይም የእንጨት ርብራብ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ የሚጫነው በርብራቡ ላይ ነው። ቅጠሉ ውኃው ውስጥ መግባት የለበትም። በውኃ ውስጥ ቢቀቀል ከሥር ያርራል፤ ዘይቱም የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። እንፋሎት ከሥር ወደ ላይ በቅጠሉ መካከል እንዲያልፍ ነው የምንፈልገው። ቅጠሉን እኩል አድርጋችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ነገር ግን እንደ ጭድ አትርገጡት። አንድ በኩል ሳስቶ አንድ በኩል ከጠነከረ እንፋሎቱ በሳሳው በኩል ብቻ ያመልጥና የቀረው ቅጠል ሳይነካ ይቀራል።

ክዳኑ ላይ ከአውራ ጣት የማይቀጥን ቱቦ ይገጠማል። የቱቦው መግቢያ ቅጠል እንዳይዘጋው በወንፊት ይሸፈን። ቱቦው ወደ ታች እያዘቀዘቀ በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሌላ በርሜል ውስጥ ተጠቅልሎ አልፎ ከሥር ይወጣል። የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ መልካም ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ራዲያተርን በማቀዝቀዣነት የሚጠቀም ሰው አለ፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የራዲያተሩ ብየዳ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ያለበት ሊሆን ይችላልና ወደሚወጣው ነገር ይገባል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለአረቄ አውጪዎች ከዘይት አውጪዎች ይልቅ የበለጠ ይመለከታቸዋል፤ አረቄው ይጠጣልና።

ክዳኑ የሚመረገው በዱቄት ሊጥ ነው። በክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን ወይም በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ክልክል ነው። ቱቦው በድንገት ቢዘጋ ሊጡ ለቆ እንፋሎቱን ያስወጣዋል፤ በሽቦ የታሰረ በርሜል ግን ይፈነዳል። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውኃ ቃጠሎ የከፋ ነው። ልጆች በአጠገቡ አይዋሉ።

በመጨረሻ መቀበያው ነው። የሚወርደው ውኃና ዘይት አንድ ላይ ነው፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ላይ ይንሳፈፋል። ፋብሪካዎች ለዚህ ልዩ ዕቃ አላቸው፤ ለገበሬ ግን ጡቱ ከሥሩ የሚነሣ ማንቆርቆሪያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በማንቆርቆሪያው አፍ የሚገባው ውኃ ሲሞላ ከሥር በጡቱ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ዘይቱ ግን ላይ ተንሳፎ በሆዱ ውስጥ ይቀራል። የጡቱ ጫፍ ከማንቆርቆሪያው አፍ ጥቂት ዝቅ ያለ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ፕላስቲክ ዕቃ ዘይቱ ስለሚያበላሸው አይሆንም።

ስለ ሥራው ቀን

እሳቱ መጀመሪያ በርታ ይበል። የመጀመሪያው ጠብታ በታየ ጊዜ እሳቱን ቀንሱና ጠብታው እንደ ቀጭን ክር ሳይቋረጥ እንዲወርድ አድርጉ። የሚወርደውን በእጃችሁ ንኩት፤ ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ከቱቦው ጫፍ እንፋሎት ከታየ፣ ዘይታችሁ በአየር እየሄደ ነው፤ እሳቱን ቀንሱ፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ ለውጡ። አዲሱ ውኃ ከበርሜሉ ሥር ቢገባ፣ የሞቀው ከላይ ቢወጣ ይሻላል፤ የሞቀ ውኃ ላይ ይወጣልና።

ከዘይቱ የሚበዛው በመጀመሪያው ሰዓት ይወርዳል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ 8 ሊትር ያህል ውኃ ከወረደ በኋላ የሚጨመረው ዘይት እምብዛም ነው። ከዚያ በላይ ማንደድ እንጨት ማባከን ነው። በርሜሉ ሥር ያለው ውኃ እንዳያልቅ ደግሞ ልብ በሉ፤ ካለቀ ቅጠሉ ያርርና የጭስ ሽታ ቀድሞ በወጣው ዘይት ሁሉ ይገባል።

ስለ ወጪው ሒሳብ

ከ100 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ10 ኪሎ ቅጠላችሁ የምታገኙት 100 ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያዝናል። ነገር ግን ከዘይቱ ማነስ ይልቅ ልታዝኑበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ።

ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ከሚፈልገው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላው ውኃ ሁሉ ተን እስኪሆን የሚፈልገው ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ እሳት ደግሞ ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ፣ ቢበዛም ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ የቀረው ነፋስ ይወስደዋል። በዚህ ሒሳብ 8 ሊትር ውኃ አትንናችሁ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ለማግኘት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ደረቅ እንጨት ታነዳላችሁ። ማገዶ ገዝታችሁ ይህን የምትሠሩ ከሆነ ገና ከመነሻው ከስራችኋል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ሁሉ ለማቀዝቀዣው ያስረክባል። ማቀዝቀዣው ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ ለ8 ሊትር ጠብታ 160 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማለት ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል። ይህን ውኃ በጀርባዋ የምታመጣው ማን እንደሆነች የታወቀ ነው። ባል ዘይት ሊሸጥ ሚስት ስምንት ጀሪካን የምትሸከምበት ሥራ ልማት ነው ብለን አንጽፍም።

እንግዲህ መፍትሔው በሦስት በኩል ነው። መጀመሪያ፣ በርሜሉን ወደ ውኃው ውሰዱ እንጂ ውኃውን ወደ በርሜሉ አታምጡ። በላህ ወንዝ ወይም በፈጠም ወንዝ ዳር፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ በማይደርቅ ምንጭ አጠገብ ሥራው ቢተከል፣ በትንሽ ቦይ የሚመጣው ውኃ በማቀዝቀዣው በርሜል አልፎ ወደ መስኖ ይሄዳል፤ ሸክም የለም። ሁለተኛ፣ በርሜሉን በጭቃ በተሠራ፣ ዙሪያው በተዘጋና የጭስ መውጫ ባለው ምድጃ ላይ ትከሉ፤ ምድጃው በደንብ ከተሠራ የእንጨቱን ወጪ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ዘይቱ የወጣለትን ቅጠል አትጣሉ። 10 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ 5 ኪሎ ያህል ማገዶ ይሆናል፤ የዛሬው ቅጠል የነገውን እሳት ይረዳል። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ የአጣናው ቁርጥራጭ ከተጨመረ ለማገዶ የምታወጡት ገንዘብ ላይኖር ይችላል።

በእኛ አስተያየት አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ መግዛት የለበትም። በአንድ ጎጥ ያሉ ባሕር ዛፍ ያላቸው ገበሬዎች ተባብረው፣ የሚቆርጡበትንም ወራት ተነጋግረው፣ አንድ መሣሪያ በአንድ ምንጭ አጠገብ ቢተክሉ ያስኬዳል። ከዚያም በፊት ገዢው ይታወቅ። ገዢ ሳይኖር የተጠራቀመ ዘይት ዕዳ ነው። ለቅጠሉ ሲባል ደግሞ በቆሎ በሚበቅልበት መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ከቶ አይመከርም። ይህ ትምህርት የተጻፈው ቀድሞ ለተተከለው ዛፍ ቅጠል ነው።

ስለ ጠጅ ሳር አንድ ቃል

ወደ ፍኖተ ሰላም ሙቀት ወዳለው አገር ላላችሁ ጠጅ ሳር ሊታሰብ ይገባዋል። ከ10 ኪሎ እርጥብ ሳር የሚገኘው ዘይት ከ20 እስከ 40 ግራም ነው፤ ከባሕር ዛፉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ሳሩ በእርከን ጫፍ ሲተከል አፈር ይይዛል፤ ከተያዘም በኋላ በዓመት ብዙ ጊዜ ይታጨዳል፤ የሰብል መሬትም አይሻማም። ስለ እንደዚህ ያሉ መዓዛ ያላቸው ተክሎችና ስለ ዘይታቸው በአገራችን የሚመረምረው በወንዶ ገነት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ችግኝና ምክር በግብርና ጽሕፈት ቤታችሁ በኩል ለመጠየቅ ይቻላል።

ስለ ዘይቱ አያያዝና ስለ አደጋው

ይህ ዘይት በቡሬ ፋብሪካ ከሚጨመቀው የምግብ ዘይት ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። አይበላም፤ አይጠጣም። አንድ ማንኪያ የሻይ የምታህል የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ልጅን እስከ መንዘፍዘፍና ራስን እስከ መሳት ታደርሳለች። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ለጉንፋን ተብሎ በሕፃን አፍንጫ ሥር መቀባትም አደጋ ነው። ጠርሙሱን ከአረቄና ከምግብ ዘይት ጠርሙስ ጋር አታስቀምጡ፤ መርዝ የሚል ጽሑፍም ለጥፉበት። ማንበብ የማይችል ስላለ ቀይ ክርም እሰሩበት።

ዘይቱ በቶሎ እሳት ይይዛል። ከማንቆርቆሪያው ወደ ጠርሙስ የሚገለበጠው እሳቱ ከጠፋና ሁሉ ነገር ከበረደ በኋላ፣ ከኩራዝና ከሲጋራ ርቆ ነው። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ መስተዋት ቢሆን፣ እስከ አንገቱም ሞልቶ ቢከደን፣ በጨለማ ቦታም ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

አንዳንድ ሰው ይህን ዘይት የተቀባ ወባ አይነካውም ይላል። በብር ሸለቆ ለምትኖሩ ይህ አነጋገር ነፍስ የሚያስከፍል ነው። ትንኝ በማባረር የታወቀው ሎሚ የሚሸተው ሌላ ዐይነት ባሕር ዛፍ ነው፤ ከእርሱም ቢሆን ኃይል ያለው ተለይቶ የሚዘጋጀው ክፍል ነው። የእኛ ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍ የአጎበርን ቦታ አይተካም።

ንጹሕነቱን ለመፈተን ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት እየተነነ ይሄዳል፤ ወረቀቱም እንደ ነበረ ይሆናል። የምግብ ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ምልክት ይቀራል፤ በማግሥቱም አይጠፋም። ገዢው ይህን ፈተና ያውቃልና እናንተም ዕወቁት።

በመጀመሪያው የሙከራ ቀን የቅጠሉን ክብደት፣ የእንጨቱን ክብደት፣ የጀሪካኑን ብዛት፣ የፈጀውን ሰዓትና የዘይቱን ግራም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሦስት ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ ወረቀቱን ለቀበሌያችሁ የግብርና ሠራተኛ አሳዩት፤ ትርፍና ኪሳራውን አብሯችሁ ያሰላል። ሥራው ሲያልቅ በርሜሉንና ቱቦውን ለብቻው በንጹሕ ውኃ እንፋሎት ግማሽ ሰዓት አጥቡት፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ካልለቀቀ ቀጥሎ የሚወጣውን የጠጅ ሳር ዘይት ያበላሻል። አንድ ጊዜ ለዚህ የዋለ በርሜልና ቱቦ ተመልሶ ለጠላ፣ ለአረቄ ወይም ለመጠጥ ውኃ አይውልም።